የተቀባይ ሳጥን

የምሠራበት ቤት ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሳህንና ተቀባይ ያከራያል። ተቀባዩ ሳጥን ነው። ከሻይ ማንቆርቆሪያ ብዙም አይበልጥም፤ የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ይታሰራል። ዘፈን የሚያወጣው ሰው ስንኙን ሲጨርስ ሳጥኑ «ሆ!» ይላል፣ «አሃ!» ይላል፣ ያጨበጭባል። የሠርጉ እልል ይላል፣ የለቅሶው ደግሞ «ወዮ» ይላል። አንዴ ሠራተኞቻችን አምታተው የለቅሶውን ሳጥን ሰኞ ገበያ ሰፈር ለነበረ ሠርግ ላኩት። ሙሽራዋ መኪና ውስጥ እስክትገባ ድረስ ወዮ ሲባልላት ዋለ። ይቅርታ ልጠይቅ በማግስቱ ብሄድ የሙሽራዋ እናት የምን ይቅርታ እንደሆነ አልገባቸውም። ማንም አልሰማም ነበር፤ ሠርገኛው ሁሉ እየዘፈነ ነበራ።

ደሴ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በታች የሆነ ሰው ሁሉ አቀንቃኝ ነው። እንደ ድሮው ድምፁ ያማረ፣ ግጥም የሚመጣለት፣ ሰው «እስኪ አንተ አውጣልን» ብሎ የሚገፋፋው ዓይነት አቀንቃኝ ማለቴ አይደለም። በሰርተፍኬት ነው። ልጅ አሥራ ስድስት ሲሞላው ወደ ምክር ማዕከል ይገባል፣ ይመከራል፣ መድረክ ላይ ተፈትኖ ይገለጣል፣ መሪ ድምፅ ተብሎ ይወጣል። ያለዚያ ሥራ የለም፣ ኪራይ ቤት የለም፣ አውቶቡስ እንኳ በሩን አይከፍትለትም፤ በር የሚከፈተው በየሰው መለያ ዜማ ነው። ጠዋት ፒያሳ ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ይህን ነው፦ ሰልፈኛው በሙሉ ደረቱን ነፍቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ስለ ራሱ ይዘፍናል። ከሰርተፍኬቱ ጋር ጆሮው ውስጥ የተሰካችለት ፍሬ የሌላውን ድምፅ ስለምታጠፋለት ሁካታው አይሰማውም። ሹፌሩም ይዘፍናል። «ወራጅ አለ» ያለ ሰው ዕድል ከቀናው በሚቀጥለው ፌርማታ ይወርዳል፣ ካልቀናው መናኸሪያ ድረስ ይሄዳል። እኔ ፍሬ የለኝም፤ ዕድሜዬ አልፏል ተብዬ ሳልመከር ቀረሁ። ስለዚህ ሁሉንም እሰማለሁ። ወላሂ ለጠላቴ አልመኘውም።

ይህን ሁሉ ያመጣልን የክብር ዶክተር፣ አርቲስት፣ ኢንተርፕረነር ናኦድ ጥላዬ ነው። ከነማዕረጉ ካልተጠራ የሚቆጡለት ሰዎች ስላሉ አንዴ ከነማዕረጉ ጠርቼዋለሁ፤ ከእንግዲህ ናኦድ ይበቃዋል። ሰውየው በወጣትነቱ አንድ ዘፈን ነበረችው። ክፉ ዘፈን አልነበረችም፤ እኔም ራሴ ጨፍሬባታለሁ። ሁለተኛ አልመጣለት ሲል ግን ወጣት ወደ መምከር ዞረ። መጀመሪያ ጎዳና ላይ ያደሩ ልጆችን ጋራዥ ውስጥ ሰብስቦ ክራርና ከበሮ አስተማረ፤ ይህንን አልክድም፣ ደግ ሥራ ነበር። ከዚያ ስፖንሰር መጣ። ከስፖንሰሩ ቀጥሎ ሸሚዝ ላይ የሚለጠፍ ዓርማ መጣ፣ አዳራሽ መጣ፣ በመጨረሻ ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ ተሰጡት። መፈክሩ አጭር ነው፦ «እያንዳንዱ ልጅ መሪ ድምፅ ነው።» ስትሰሙት ትልቅ ነገር የሰማችሁ ይመስላችኋል። እኔ ግን የድንኳን ሰው ነኝ፤ ሁሉም ምሰሶ ከሆነ ሸራው ማን ሊሆን ነው እላለሁ። ብዙ ጊዜ ጮክ ብዬም ብያለሁ፤ የሚመልስልኝ የለም እንጂ።

ያልተገለጠ ልጅ ወደ ጥልቅ ምክር ይላካል። ጥልቅ ምክር ኮምቦልቻ መውጫ ላይ ያለ ንፁህ ግቢ ነው፤ አበባ አለው። ማንም አይመታም፣ ማንም አይራብም። የመካሪው የናኦድ ድምፅ ብቻ ከጆሮ ፍሬው ውስጥ ሲነጋም ሲመሽም ይመክራል። የወንድሜ ልጅ ከማል ሄዶ ተመለሰ። ወንድሜ በር ከፍቶ ሊያቅፈው ሲዘረጋ «አባዬ፣ እንኳን ለራስህ በቃህ» አለው። ያለው በናኦድ ድምፅ ነው። የናኦድን ሳል ሳይቀር ይስላል። ወንድሜ ልጁን ይወደዋል፤ ራት ላይ ግን ጀርባውን ሰጥቶት ነው የሚበላው።

ልጄ ሐያት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ለገለጣ ሁለት ጊዜ ቀርባ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ሦስተኛ ከወደቀች ኮምቦልቻ ናት። በዚያ ሰሞን ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ሳህን ስቆጥር እሱ፣ ሽንኩርት ስልጥ እሱ። ልጄ አንድ ቀን በር አንኳኩታ በናኦድ ድምፅ «እማዬ» ስትለኝ ይታየኝና የቆጠርኩትን ሳህን እንደገና እቆጥራለሁ።

ሐያት ተቀባይ ናት። እናቷ ስለሆንኩ አይደለም እንዲህ የምለው፤ በዚህ ከተማ ስለ ልጇ የምትዋሽ እናት አቀንቃኝ ናት ብላ ነው የምትዋሸው። ከትንሽነቷ ጀምሮ ድንኳን ስናጥፍ እኔ አወጣለሁ፣ እሷ ትቀበላለች። ሸራው ከባድ ነው፤ ከሁለቱም ጫፍ እኩል ካልተሳበ ይጣመማል፣ ዘፈኑ ለዚያ ነው።

ያዢው በዚያ በኩል፣ እኔም በዚህ ልያዝ፤
ለብቻ አይነሳም፣ የድንኳን ሙሉ ጓዝ።

ስጨርስ «ሆ፣ ሳቢው!» ትላለች፣ ሸራው ከመሬት ይነሳል። አንዳንዴ ላጠምዳት ብዬ ስንኙን መሀል ላይ እቆርጠዋለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ዘው ብሎ ይገባል። ሐያት አትገባም። የሸራውን ጫፍ እንደያዘች፣ ዓይኗን አፌ ላይ ተክላ ትጠብቃለች። አንዴ ጎረቤት መጥቶ ወሬ ጀምሬ የቀረውን ስንኝ ረሳሁት። ስመለስ እዚያው ቆማለች።

ገለጣ ላይ መድረክ አውጥተው «ራስሽን አውጪ፣ ጀምሪ» ሲሏት ቆማ ቀረች። ምን እንደሆነች ቢጠይቋት «ማን አወጣና ልቀበል?» አለች። ይህን ስትል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በትሕትና ነው። ከባድ መዘጋት አለባት ብለው መለሷት።

ጠባይዋን ያባባሱባት እማማ ደብሪቱ ናቸው። የናኦድ እናት። አዎ፣ የመካሪው እናት፤ ልጃቸው አዲስ አበባ ያሠራላቸውን ቤት አልፈልግም ብለው እዚሁ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የእኔ ጎረቤት ሆነው ቀርተዋል። በዘመናቸው ሙሾ አውራጅ ነበሩ፤ ደሴ ውስጥ ያለ እሳቸው የተቀበረ የታወቀ ሰው አልነበረም ይባላል። ደግ ግን አልነበሩም። የሞተውን ሲያሞግሱ ቆመው ያለውን ሳይሰድቡ አያልፉም፤ እኔን ራሴን «አንቺ ሸራ ለባሽ» ነበር የሚሉኝ። ልጄን «አንቺ ደነዝ፣ አሁን ገባሽ እንዴ? አሁን ነው እንዴ መግቢያው?» እያሉ ነው ያለማመዷት። ሐያት ከምክር ማዕከል ስትመለስ በዚያ ታልፋለች፣ አሮጊቷ ያወርዳሉ፣ እሷ ትቀበላለች። ሰው ሳይሞት ሙሾ ማውረድ ደስ አይልም ብዬ ባጉረመርም «እኔ እየሞትኩ አይደል ወይ? ምን ጎደለሽ?» አሉኝ።

የሦስተኛው ገለጣ ሳምንት ናኦድ ደሴ መጣ። መምጣቱን ያወቅሁት ሰፈራችን ሲጠረግ ነው። እናቱን ሊጠይቅ ከካሜራ ሰዎችና ቃልአብ ከሚባል ረዳቱ ጋር ገባ፤ ቃልአብ በሄደበት ሁሉ ስለ ናኦድ የሚዘፍን ቀጭን ሰው ነው። እኔና ሐያት እዚያው ነበርን፤ አሮጊቷ ሰውነታቸው ከብዶ አልጋ ላይ ስለዋሉ ምሳ ልናቀምሳቸው ገብተን ነው። ናኦድ ነጭ ነጠላውን አጣፍቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ለካሜራው ስለ እናትነት ማውራት ጀመረ።

«ናኦዴ» አሉ አሮጊቷ።

ስለ እናትነት ማውራቱን ቀጠለ። የጆሮ ፍሬው ውስጥ የራሱ ድምፅ ነበረ መሰለኝ።

«ናኦዴ!»

«እናት የመጀመሪያዋ መድረካችን ናት» አለ ናኦድ።

«አንተ ናኦድ! ስጠራህ አቤት አትልም?»

«እማ፣ እየቀረፅን ነው እኮ» አለ፣ ፈገግታውን ሳያወርድ።

አሮጊቷ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሲጨርስ በረንዳ ላይ እኔን ያዘኝ። «አንቺ ነሽ የሐያት እናት? ልጅሽ ውስጥ አንበሳ ታስሯል።»

«ጋሽ ናኦድ፣ ልጄ ውስጥ ያለው ጠዋት የበላችው ፍርፍር ነው» አልኩት። «ተቀባይ ናት። ተዉልኝ።»

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። «እህቴ፣ ተቀባይ የሚባል ሰው የለም። ፈሪ አቀንቃኝ ነው ያለው። ፍርሃቱን ነው የማወጣላት።»

«እርስዎ ያችን ዘፈንዎን ሲዘፍኑ ማን ነበር የሚቀበልዎት?»

«ሕዝቡ።»

«ሕዝቡ እነማን ነበሩ?»

ትንሽ አሰበ። በእውነት አሰበ። «በቃ፣ ሕዝቡ» አለ።

ቃልአብ ገለጣው ሰኞ መሆኑን በዜማ አስታወሰን። ልክ ሊወጡ ሲሉ ከውስጥ የአሮጊቷ ድምፅ መጣ፤ ሙሾ አውራጅ ስለነበሩ ታመውም ድምፃቸው መንገድ ድረስ ይሰማል። «ናኦድ! ስሞት ሳጥን እንዳታቆምብኝ! ሰው ነው የሚቀበልልኝ!»

«አንቺ መቼ ትሞቺና!» አለ ናኦድ ጫማውን እያሰረ። «ደግሞ እልፍ ልጆች አሉኝ። ሁሉም ይመጡልሻል።»

ሐሙስ ዕለት ሞቱ። እውነትም ሁሉም መጡ።

ድንኳኑን የተከልነው እኛ ነን። የለቅሶውን ሳጥን ከመደርደሪያ አላወረድኩም፤ አሮጊቷ በሕይወት ሳሉ የፈራኋቸውን ያህል ሞተውም እፈራቸው ነበር። ቃልአብ «ሳጥኑስ?» ቢለኝ የሟችን ቃል ነገርኩት። ከናኦድ ጋር ተንሾካሾከ። ናኦድ «ልጆቹ አሉ አይደል» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ይህ ሰው አገር ሙሉ ልጅ አቀንቃኝ አድርጎ ሲያበቃ፣ ሙሾ አውራጅ የወለደው ሰው ሆኖ፣ ሙሾ በምን እንደሚቆም ረስቶታል። እንዲህ ያለ ስህተት ሌላ አገር ሰው አይሠራውም፤ እኛ ዘንድ ብቻ ነው የሚገኘው።

የተመከሩት ልጆች በአውቶቡስ ተጭነው መጡ፤ ሁሉም ነጭ ነጠላ፣ ሁሉም ደረቱ ላይ ዓርማ። አስከሬኑ ድንኳኑ መሀል አረፈ። ለቀረፃው ክብር ሲባል ሁሉም የጆሮ ፍሬውን እንዲያወልቅ ቃልአብ አዘዘ። አወለቁ። ፊታቸውን ማየት ነበረባችሁ፤ ከአሥራ ስድስት ዓመታቸው ወዲህ የሰው ድምፅ ሰምተው አያውቁም። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሙሾ ጀመረ። ሁሉም የየራሱን። አንዱ የእማማ ደብሪቱ ሞት እንዴት ጠንካራ እንዳደረገው ያወርዳል፤ እሳቸውን ያየው ዛሬ ነው፣ ያውም ተገንዘው። አንዷ ገና ልጅ ሳለች ያየችውን ሕልም ታወርዳለች። የጎኑን ሰው ድምፅ የሰማ ሁሉ ሊበልጠው ድምፁን ይጨምራል፣ ያም ይጨምራል። የእድሩ ሽማግሌዎችና የሰፈሩ አሮጊቶች ጆሯቸውን ይዘው ከድንኳኑ ወጡ። ከማል አባቱ አጠገብ ቆሞ በናኦድ ድምፅ ስለ ናኦድ እናት ሳይሆን ስለ ናኦድ ያለቅሳል። የሰው መዋረድ ልክ አለው ብዬ አስብ ነበር፤ የለውም።

ናኦድ እጁን አነሳ። ዝም አሉ፤ ይህን እንኳ አስተምሯቸዋል። ወደ አስከሬኑ ቀረበና አወረደ።

እናቴ ስትጠሪኝ ስሜን በዝግታ፣
አቤት ሳልል ቀረሁ በገዛ ጫጫታ።

ድምፁ አርጅቷል። ግጥሙ ግን የእናቱ ልጅ መሆኑን ያሳያል፤ ልነፍገው አልችልም። ስንኙን ጨርሶ ቆመ። ማንም «ወዮ» አላለም። ያ ሁሉ ወጣት አፉን ከፍቶ አየው። ሙሾ ካልተቀበሉት ወደ ቀጣዩ ስንኝ አይኬድም፤ አውራጁ ስንኙን እንደያዘ ይቀራል። ናኦድም ያዘና ቀረ። እንደገና አወረደው። አሁንም የለም። አንዱ ልጅ ተራው የደረሰ መስሎት ስለ ራሱ ሊጀምር ሲል ቃልአብ አፉን ከደነው። ናኦድ ቀና ብሎ የድንኳኑን ምሰሶ ተመለከተ፣ ሳጥኑ የሚታሰርበትን ቦታ።

ሐያት አጠገቤ ነበረች። ትንፋሿን ስትስብ ተሰማኝና ክንዷን ጨምድጄ ያዝኳት። «ዝም በይ!» አልኳት። «ሰኞን አስቢ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ተቀባይ ነኝ ልትዪ ነው?»

«እማዬ፣ ሰውየው እየጠራ ነው እኮ።»

«ይጥራ! እናቱም ስትጠራው ነው የኖረችው።»

«ለሱ አይደለም» አለችኝ። «ለእማማ ደብሪቱ ነው።»

ናኦድ ሦስተኛ ጀመረ። «እናቴ ስትጠሪኝ ስሜን በዝግታ፣ አቤት ሳልል…» ሲል ሆድ ባሰውና ስንኙ ተቆረጠበት። ልጄን አየኋት፤ ዓይኗን አፉ ላይ ተክላለች። አልገባችም። እሱ እስኪመለስ ጠበቀችው፤ በጣም ቆየ፣ እሷም በጣም ቆየች። በመጨረሻ «…ቀረሁ በገዛ ጫጫታ» ብሎ እንደምንም ሲጨርስ ያን ጊዜ ገባች።

«ወዮ፣ ወዮ፣ እማማ ወዮ!»

ክንዷን መቼ እንደለቀቅኩት አላውቅም። በሁለተኛው ዙር እኔም እየተቀበልኩ ነበር፣ ከውጭ የተመለሱት የሰፈሩ አሮጊቶችም፣ የእድሩ ሽማግሌዎችም። ናኦድ ስንኝ በስንኝ ላይ አወረደ፤ እንደ ሰው አለቀሰ፣ ንፍጡን በነጭ ነጠላው ጠረገ፣ ካሜራውን ረሳ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ አልናቅሁትም። ብዙ አልቆየም።

በሠልስቱ ቤቴ መጣ፣ ከቃልአብ ጋር። ዓይኑ አብጧል፣ ነጠላው ታጥቧል። ሻይ አቀረብኩለት፤ አልነካውም።

«ተገለጠልኝ» አለ። «ሕይወቴን ሙሉ ተሳስቼ ነበር።»

እሰይ፣ ሊተዋት ነው ብዬ ሐያትን አየኋት።

«እያንዳንዱ ልጅ» አለ ናኦድ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተቀባይ ነው።»

ቃልአብ በዜማ ደገመው። ከዚያ ዝርዝሩን አወጣ፦ ማዕከሎቹ ሁሉ ይቀየራሉ፣ መሪ ድምፅ ይቀራል፣ አገር ሙሉ ወጣት መቀበል ይመከራል፤ የምትመክረው የልጄ ድምፅ ናት። በየጆሮው ፍሬ ውስጥ፣ በየሳጥኑ ውስጥ። ሐያት ዋና ተቀባይ ትሆናለች፤ አዲስ አበባ ቤት ይሰጣታል።

«ይህ ሁሉ ከአንድ ለቅሶ ነው የተማሩት?» አልኩት።

«አንድ ለቅሶ ይበቃል» አለ ናኦድ፣ እንደሚያሞግሰኝ ሁሉ።

«እኔ ግን መምከር አልችልም» አለች ሐያት። «ሰው ሲያወጣ ነው የምቀበለው።»

«እሱን ፍርሃት እናወጣልሻለን» አለ ናኦድ።

«እምቢ ብልስ?»

ቃልአብ በዜማ ሳይሆን በንግግር መለሰ፤ ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። «ገለጣው ለሐዘኑ ተብሎ ተላለፈ እንጂ አልቀረም።»

«ከተስማማሁ ደግሞ» አለች ሐያት፣ «ቤቴ ስመጣ ከእናቴ ጋር መቀበል እችላለሁ?»

«ድምፅሽ የድርጅቱ ነው። ከድርጅቱ ውጭ መቀበል አይቻልም።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። ስንኝ ቆርጬባት የምትጠብቀውን ያህል ጠበቀችኝ። ከማል ታየኝ፣ ራት ላይ የወንድሜ ጀርባ ታየኝ። «ኮምቦልቻ አትሄድም?» አልኩ።

«አትሄድም» አለ ናኦድ።

«እሺ በያቸው» አልኳት። እሺ አለች።

የቀረው ጋዜጣ ላይ የወጣ ነው፤ ጋዜጣው ግን እንደሚገባው አልሳቀም። ዓመት ሳይሞላ ከተማው ተገለበጠ። አሁን ፒያሳ ላይ ጠዋት ፀጥታ ነው። አውቶቡሱ በሩን የሚከፍተው ለተቀበለ ሰው ስለሆነ ሰልፈኛው በሙሉ የሚያወጣ ሰው ይጠብቃል። ሹፌሩም ይጠብቃል። ደረቱን የሚነፋ የለም፤ ሁሉም አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ጆሮውን ሰጥቶ፣ በትሕትና እያበጠ ቆሟል። ትዕቢቱ አልቀነሰም፣ ቦታ ነው የቀየረው። ባለፈው ሮቢት ሰፈር ሠርግ ነበረን። ሙሽሮቹ ገቡ፣ ሠርገኛው እጁን ለጭብጨባ አዘጋጅቶ ቆመ፣ እርስ በእርሱ ተያየ፣ የወጡ ሽታ መጣ፣ ወጡ በረደ። የሚዜዎቹ አለቃ መጥቶ «አቀንቃኝ ሳጥን ታከራያላችሁ?» አለኝ። እናከራያለን። ከወንበር ጋር ከወሰዱት ቅናሽ አለው። አንዳንዴ ሁለቱን ሳጥኖች አብረን እንሰቅላለን፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው በልጄ ድምፅ ይቀበላል፣ ሰው ዝም ብሎ ይበላል።

ከማልም እንደገና ተልኮ ተመለሰ። የናኦድ ድምፅ ወጥቶለታል። አሁን ደግሞ አባቱ የተናገረውን የመጨረሻ ቃል እየተቀበለ ይደግማል። ወንድሜ ቤቱ ውስጥ መናገር ትቷል።

ሐያት ለአረፋ መጣች። ከስታለች፣ ጫማዋ ውድ ነው። የበዓሉ ኪራይ ብዙ ስለነበር መጋዘን ውስጥ አገኘችኝ፤ ልብሷን ሳትቀይር የድንኳኑን ጫፍ አነሳች። መደርደሪያው ላይ ቀጣዩን ኪራይ የሚጠብቅ አንድ ተቀባይ ሳጥን መብራቱ በርቶ ተቀምጧል፤ መብራቱ ከበራ የሰማውን ለድርጅቱ ይልካል ይባላል። ልነቅለው አሰብኩና ተውኩት።

«ያዢው በዚያ በኩል፣ እኔም በዚህ ልያዝ» ብዬ አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁ እንጃ፤ ሸራው በእጄ ስለነበር ይሆናል። «ለብቻ አይነሳም…» አልኩና እንደ ድሮው ቆረጥኩት።

«ሆ፣ ሳቢው!» አለ ሳጥኑ። የልጄ ድምፅ ነው፤ ጠርቶ፣ አምሮ፣ ስንኙን መሀል ገምሶ ገባ።

ሐያት አልገባችም። በወዲያኛው ጫፍ ሸራውን እንደያዘች፣ አፏን ገጥማ፣ ዓይኗን አፌ ላይ ተክላ ቆማለች። ሳጥኑን በአገጯ አመለከተችኝና ፈገግ አለች።

«እሷ ትቸኩላለች» አለችኝ።

ስንኙን ይዤ ቆየሁ። እሷም ቆየች። ከዚያ «…የድንኳን ሙሉ ጓዝ» ብዬ ጨረስኩት። ሐያት ወደ በሩ አየች፣ ወደ ሳጥኑ መብራት አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አላወጣችም። ሸራው ከሁለታችንም ጫፍ እኩል ተነሳ።